ጨው አንሷል ስልዎት

ውድ እትዬ ወይንሀረግ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የትሮንድሃይም ብርድ ከኦስሎው ይብሳል ይላሉ፤ ልጅዎ መቅደስ ግን ቤቷን ሞቅ አድርጋ እንደምትይዝልዎት አልጠራጠርም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ በረዶው አውርተን ዘጋን። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። እርስዎም ደብዳቤ ይወዳሉ፤ የእናትዎን ደብዳቤዎች አጣጥፈው ዳዊትዎ ውስጥ እንደሚያስቀምጡ አይቻለሁ።

ኦስሎ፣ ሮመን ሰፈር የነበረው ኩሽናችን ሰሞኑን ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። እርስዎ ከሲክየሙ፣ ከመጦሪያ ቤቱ፣ አረጋውያኑን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ውለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። አሥራ አንድ ላይ ትሪው ይቀርባል። እኔ በቀኝ እጄ እየጎረስኩ በግራዬ የፈተና ካርዶቼን አገላብጣለሁ፤ ባንድ በኩል የበሽታው ስም በኖርዌይኛ፣ በሌላው በኩል መድኃኒቱ። አዲስ አበባ ሐኪም የነበርኩት ሰውዬ እዚህ እንደገና ሐኪም ለመባል እንደ ሕፃን ስሸመድድ፣ እርስዎ የውሃ ጆግዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ ይጠጣሉ። “የዚህ አገር ውሃ መቼም ሲጣፍጥ!” ይሉ ነበር። የሩቅ ዘመድ ነኝ ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ብመጣብዎት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ፊትዎ ሳይጠቁር ያኖሩኝ ሴት።

“እትዬ፣ ጨው አንሷል” እላለሁ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይዎት።

መጀመሪያ ሰሞን ደንገጥ ብለው ቀመሱት። “ለኔስ ደህና ነበር፤ እስቲ ልጨምርልህ” አሉ። ሁለት ሦስት ጎርሼ እጄን ስሰበስብ፣ ሱሪዬም ከወገቤ ሲሸሽ ስላዩ ነው መሰለኝ፣ በየሳምንቱ ቆንጠር እያደረጉ ጨመሩ። “ብቻ አንተ ብላልኝ” ነበር ቃልዎ። ማኅበርተኞችዎ ያንን እጅ ከማንም እጅ አያወዳድሩትም። እኔ ግን በየቀኑ አቃቂር አወጣሁለት።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደም ግፊትዎን እለካለሁ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳገኘው ዶክተርነቴ ይነሳብኛል።

“እትዬ፣ ጨው ይቀንሱ አላልኩዎትም?”

“እኔማ አንተ የምትበላውን ነው የምበላው” ይሉና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ምን እንዳሳቀኝ እንጃ።

ግንቦት ላይ ሥራ ቦታ ወደቁ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ መቅደስ ልትወስድዎት መጣች። “ምን አመጣባት?” ብላ ስትጠይቀኝ “ዕድሜና ድካም ነው” አልኳት። ፈተናዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ አፌ የመለሰላትን ጭንቅላቴ የሰማው አይመስለኝም። በመሄጃዎ ዋዜማ “እማዬ፣ ተኚ” ብትልዎት እምቢ ብለው ቀኑን ሙሉ ምስር ወጥ ሲሠሩ ዋሉ። በአይስክሬም ዕቃ እየሞሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደሩልኝ። “እስክትፈተን ያደርስሃል” አሉኝ። እኔ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ካርዴን ይዤ ተጎልቻለሁ። ሽንኩርት እንኳ አልላጥኩልዎትም።

ፈተናውን አለፍኩ። እዚሁ ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር፣ ትራሙ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍበት ትንሽ ቤት ገባሁ። ከዕቃዎቹ አንዱ ሳይበላ ቀርቶ አብሮኝ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልበላውም ልጥለውም አልሆነልኝም።

ባለፈው ሳምንት ኑኃሚን የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ጣዕም የምታጠና የአገራችን ልጅ ለምርምሯ ሰው ሲያጥራት ለመነችኝ። ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር አሳየችኝና “ይህን በቃልህ ይዘህ ሾርባውን ቅመስ” አለችኝ። ቁጥሩን በልቤ እየደጋገምኩ ቀመስኩ። ጨው የለውም ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ኩባያ ሰጠችኝ፤ አሁን ምንም የምይዘው ቁጥር የለም። ይኼኛው ጨው በዝቶበታል አልኳት።

“ኔይ፣ አይደለም! አንድ ድስት ነው እኮ” አለችኝ እየሳቀች። “ቅድም አእምሮህ ቁጥሩን ተሸክሞ ነበር። ለጣዕሙ የሚሆን ትኩረት አልተረፈውም።”

እሷ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች። እኔ ኩባያውን ይዤ ቀረሁ። “እትዬ፣ ጨው አንሷል” የሚለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ያንን የመጨረሻ ዕቃ አወጣሁ። አሞቅሁት። ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ፣ ሁለት እጄን ታጥቤ፣ ምንም ሳላስብ ቀረብኩና ጎረስኩ።

አልዋጥልህ አለኝ። ጨው ብቻ ነበር፣ እትዬ። ውሃ ጠጣሁበት፤ ደግሜ ጎርሼ ደግሜ ጠጣሁ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ያ ጆግዎ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ነበር ከኔ ጋር ካንድ ትሪ የበሉት? ለራስዎ ሳይጨምሩ ነጥለው ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ ግን ሰው እያለ ለብቻ መብላት የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ሐኪም ተብዬው እሑድ የከለከልኩዎትን ከሰኞ ጀምሮ አበላዎት ነበር። የሰው ደም ግፊት ባንድ ነገር ብቻ እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ከዚያ ጀርባ ግን አልደበቅም። ኩሽናው መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ትናንት ለመቅደስ ደውዬ ቅዳሜ በባቡር እመጣለሁ አልኳት፤ ሌላ ምንም አልነገርኳትም። ድምፅዎን ከኋላዋ ሰማሁት፦

“ፈተናውን ጨርሷል አይደል? እንግዲህ ከኔ ትሪ ነው የሚበላው። አሁን ጨው የለም በይው!”

መቅደስ “ያ፣ ያ፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ” ብላ ሳቀች። ነገሩ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝና ስልኩን ዘጋሁ። ጨው የሚያንስብኝ ካርዶቹን ስለምሸመድድ እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ምላሴን እኔ ሳላውቀው እርስዎ ያውቁት ነበር፤ ጭንቅላቴ እስኪያርፍ ነው የጠበቁኝ።

ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትሪው ሲቀርብ ግራ እጄም ባዶ ይሆናል። ምስሩን እኔ እሠራዋለሁ፤ እርስዎ ይቀመጡና ይዘዙኝ። የውሃውን ጆግ ግን ከአጠገብዎ አነሳዋለሁ።

ካርድ ሳይዝ የሚመጣው ልጅዎ፣
ፍስሐ