ማዶ ተሻግራ ባለመጠየቋ ስለታገደችው ተማሪ

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ወልደተንሣኤ፣
የሚዛናዊ ወሬ ጠባቂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡርነትዎ በዚህ በሰኔ ብርድ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ እንዴት አድርጎታል? እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወለተሐና በቀር ደኅና ነን። የምጽፍልዎም ስለ እርሷ ነው። ለታላላቆች ምክር ለመስጠት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፤ ምስጋና ለማቅረብ ግን የዕድሜ ወሰን ተበጅቷል ሲባል አልሰማሁም።

አንደኛ፣ ማኅበሩ በመቋቋሙ አመሰግናለሁ። በከተማችን የሚወራውና የሚጻፈው ለማንም እንዳያደላ የሚጠብቁ ሰባት ሽማግሌዎች ተመረጡ ሲባል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰባታችሁም ለፓርላማ ዳግመኛ የሚወዳደሩት የፊታውራሪ ገብረ ጻድቅ ወዳጆች መሆናችሁ፣ የምትሰበሰቡትም በፊታውራሪ ሳሎን፣ በፊታውራሪ ጠጅ መሆኑ አድልዎ እንዳይመስለን የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ዘርአ ዳዊት በሚገባ አስረድተውናል። እሳቸው የፊታውራሪ አማች ስለሆኑ ጉዳዩን ከሥሩ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ስለ አነባበባችሁ። የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ ከመካከላችሁ አንድም ሰው መጥቶ እንዳላነበበው ዘበኛችን ነግረውኛል። ጭቃው አስቸግሯችሁ ይሆናል። አቶ ዘርአ ዳዊት ገልብጠው ይወስዱና፣ ከምሳ በኋላ ድምፃቸውን እያሻከሩ ያነቡላችኋል አሉ። በዚያ ድምፅ ከተነበበ እንኳን የተማሪ ጽሑፍ፣ አባታችን ሆይም ስድብ ይመስላል።

ወለተሐና በዚሁ ጋዜጣ ላይ የጻፈችው አጭር ነገር ነበር። ከጫጫ ወንዝ ማዶ አጎቷ ዐርፈው ከእናቷ ጋር ለለቅሶ ሄደች። ወንዙ ሞልቶ ስለከለከላቸው ለቅሶ ደራሾቹ ከወዲህ ቆመው አለቀሱ፤ ሐዘንተኞቹም ከወዲያ ደረታቸውን እየደቁ መለሱላቸው። ፊታውራሪ ባለፈው ምርጫ ቃል ገብተው ዘንድሮ «አሠራሁት» የሚሉት ድልድይ በሥፍራው የለም፤ የተከመረ ድንጋይ ግን አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሦስተኛው ግን አንጀቴን ያራሰኝ ነው። ማኅበሩ ጽሑፉን ሚዛን የጎደለው ያለበት ምክንያት፣ ጸሐፊዋ ወንዙን ተሻግራ የማዶውን ሰው ሐሳብ አልጠየቀችም የሚል ነው። ክቡርነትዎ፣ ይህን ፍርድ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነብላቸው ያሾፍኩ መስሏቸው አስደገሙኝ። ልጅቱ ያለችው እኮ መሻገሪያ የለም ነው!

አራተኛ፣ ማኅበሩ ጉዳዩን በዓይኑ ለማየት በፊታውራሪ ላንድሮቨር እስከ ወንዙ ድረስ መድከሙን አደንቃለሁ። አቶ ዘርአ ዳዊት ጫማቸውን አውልቀው፣ ውኃውን በከዘራቸው ለክተው፣ ጫማቸውን መልሰው እንዳጠለቁ የጫጫ ነጋዴዎች አይተዋል። ከዚያ ሰባታችሁም ተመልሳችሁ፣ የማዶ ምስክሮች ሳይሰሙ ድልድዩ አለ ወይም የለም ማለት አድልዎ ነው ብላችሁ ወሰናችሁ። ምስክሮቹ መጥተው እስኪሰሙም ወለተሐና ከትምህርት ገበታ እንድትታገድ ለዳይሬክተራችን ጻፋችሁላቸው። ዳይሬክተራችን ሰው አክባሪ ናቸውና አገዷት።

እንግዲህ ምስክሮቹ የሚሻገሩት ወንዙ ሲጎድል፣ በመስከረም ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለወለተሐና ደግሞ ከእነዋሪ ከተማ የጋብቻ ሽማግሌ ተልኮባታል፤ አባቷ ከተፈተነች ሊመልሷቸው፣ ካልተፈተነች እሺ ሊሏቸው ቃል ሰጥተዋል። ወሬ ሊጠብቅ ተቋቁሞ ልጅ የሚድር ማኅበር በሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በደብረ ብርሃን ግን በእናንተ አየን። ለሠርጉ ጠጅ ፊታውራሪ እንደማይሰስቱ አልጠራጠርም። እሷ ግን መማር ነው የምትፈልገው። ስለዚህ እገዳው ከፈተናው በፊት እንዲነሣ ክቡርነትዎን እማጠናለሁ።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ባርኔጣ ስለሌለኝም የወንድሜን ተውሼ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥ ልጅዎ፣

ብርሃነ መስቀል ወርቅአገኘሁ
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ ወለተሐና ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቅዳለች። ክቡርነትዎ ከፊታውራሪ ጋር ድልድዩ መኻል ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ባየች ዕለት፣ ድንጋይ ተሸክማ ከደጅዎ ትወድቃለች። የከተማችንን ፎቶ አንሺም አነጋግሬዋለሁ፤ በደስታ ይመጣል። ዋና ስለማይችል ግን ከወዲህ ሆኖ ነው የሚያነሣችሁ።