ውሃ ስለማይወደው የጉልበት መለኪያ

ለተከበሩ የሠራተኞች ደኅንነት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ፣ ጉልበትዎስ ደህና ነው ወይ እያልኩ፣ እኔ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ከጉልበታችን በላይና በታች የሚታሰር፣ በየዕለቱ ስንንቀሳቀስ ጡንቻችንና መገጣጠሚያችን የሚሸከሙትን ጫና የሚለካ መሣሪያ ስላደሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ጉልበቴ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ የታሰረልኝ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ መሣሪያውን ውሃ እንዳይነካው በጥብቅ ስላሳሰቡ፣ የክፍላችን አለቃ ትእዛዝዎን አክብረው፣ ወደ ማሽኖቹ ስንገባ ፈተን መደርደሪያ ላይ እንድናስቀምጠው፣ የደረቀ አንሶላ ለማጠፍ ስንቀመጥ ደግሞ መልሰን እንድናስረው አዘዋል። ውሃ የጠጣውን አንሶላ ከማሽኑ ጎትተን ስናወጣና ቅርጫቱን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ፣ መሣሪያዎ ጋደም ብሎ ያርፋል። ሳቂታ የምንላት የሥራ ባልደረባዬ፣ ከኛ ይልቅ እሱ በእንክብካቤ ተያዘ እያለች ትስቃለች፤ እኔን ግን ሳቁም ንዴቱም ከተወኝ ቆይቷል።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ጉልበትሽ አልቋል፣ ተቀምጠሽ ሥሪ ስላለኝ፣ ቀኑን ሙሉ በማጠፊያው ጠረጴዛ እንድመደብ ባመለክት፣ የመሣሪያውን ውጤት መርምረው፣ ሥራዬ ቀድሞውንም ቀላል እንደሆነና ጉልበቴ ላይ ይህ ነው የሚባል ጫና እንደሌለ፣ ስለዚህም በማሽኖቹ እንደምቀጥል ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ አረጋግጠውልኛል። ወይ ጉድ! ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ያቃሰትኩት በከንቱ ኖሯል።

ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ያነበብኩለት፣ ጎንበስ ብሎ ካልሲዬን ሲያጠልቅልኝ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ የሌላኛውንም እግሬን አጠለቀልኝ። እኔም ማልቀስ ይገባኝ እንደነበር የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን አላለቀስኩም።

ስለዚህ ውሳኔዎን በጸጋ ተቀብያለሁ። ምናልባት ጊዜ ተርፎዎት ወደ ማሽኖቹ ክፍል ጎራ ካሉ፣ አንድ ቅርጫት እንዲያነሱልን በትሕትና እጋብዛለሁ፤ መሣሪያውን ግን አደራ፣ በር ላይ ይፍቱት።

ለዘወትር አሳቢነትዎ አክብሮቴን በድጋሚ እየገለጽኩ፣
በወረቀት ላይ ፍጹም ጤነኛ የሆነችው አጣቢዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው፣ ዛሬ ጠዋት ግራ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። እቤትም እሰሩት ብለው ስለነበር፣ ባለቤቴ መሣሪያውን እንደተኛሁ አሰረልኝ። ጫናው ዜሮ ነው ይላል፤ እስከ ዛሬ ካስመዘገብኩት ሁሉ የተሻለ ውጤት ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት።