ወንድሜ የያዘው ቅርንጫፍ

ናይሮቢ፣ ከፖሊሶች መኖሪያ
ረቡዕ፣ ጁን 18 ቀን 1997

አባዬ፣

ጉንፋኑ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። እማማም በቆሎው አምሮልናል ብላ ከአገር ቤት መልእክት ልካለች።

ወረቀቱን ካልሲህ ውስጥ የከተትኩት ኮርፖራል ኪፕሮኖ እንዳያየው ብዬ ነው። ካልሲ ብቻ የሚያደርስልህ መስሎታል። እባክህ ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ቤቱ እንደምታውቀው ነው። የእነኪፕሮኖ ሕፃን ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ክፍሉን ከእነሱ ጋር የሚያካፍለን መጋረጃ ተቀዶ ሰፍቼዋለሁ። ግን ልጽፍልህ የተነሳሁት ይህን አይደለም። ሰኞ አንድ ነገር ሰምቻለሁ።

ልጅህ ዋንዮኒ ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ከፋሲካው ጠባችሁ ወዲህ አንተ ካምፕ መሆንህን ሳይጠይቅ አይመጣም። አርብ ዕለት ፖሊሶች ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ስለነበር ዓይኑ በአስለቃሽ ጭስ አብጧል። ተማሪዎቹ የወጡት ከዶርም የተወሰደው ጓደኛችን ይመለስልን ብለው ነው። ዓይኑን በውሃ ሳጥበው፣

“ቀስ በይ እንጂ ናሲ! ድስት መሰልኩሽ እንዴ?” አለኝ።

“ሁለተኛ እንዳትወጣ።”

“በዚህኛው አርብም እንወጣለን። ቅርንጫፍ ይዤ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።”

“ቢመቱህስ?”

“ቅጠል የያዘ ሰው አይመታም። ማን ያስተማረኝ መሰለሽ? ሽማግሌው ራሱ ነው።”

ሽማግሌው የሚልህ ንቆህ አይደለም፤ ስትናፍቀው ነው። ያኔ ትንንሾች ሆነን አውቶቡሳችን ሰልፍ መሀል ሲገባ፣ አንተ ወርደህ ቅርንጫፍ ሰብረህ በየእጃችን አስያዝከን። “ከፍ አድርጉት። ድንጋይ አልያዝኩም ማለት ነው። እኛ ፖሊሶችም እናውቀዋለን” አልከን። ዋንዮኒ ያን ቀን አልረሳውም።

ሰኞ ኪፕሮኖ ምሳውን ሊበላ መጣ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ የሱኩማ ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

“የአርቡ ትእዛዝ ደረሰን” አላት ለሚስቱ። “በዚህኛው ቅጠል የያዙትን ነው አስቀድመን የምንለቅመው። መሪዎቹ እነሱ ናቸው ተብሏል። የያዙበትን ክንድ በዱላ በሉት ተብለናል።”

“ካምፕ ያሉትስ?”

“እነሱም ይመጣሉ። የሳጅን ኻኤምባ ሰዎች ዋናው በር ላይ ናቸው።”

“ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች።”

“ናሲሚዩ? እሷ እኮ ዶሮ እንኳ እሽ ብላ አታባርርም!” ብሎ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች።

አባዬ፣ ዋናው በር ላይ ያሉት ያንተ ሰዎች ናቸው። አንተ ነህ።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው “ማንን ነው የምትፈልጊው?” ሲለኝ ደንግጬ ተመለስኩ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆሜ ትንሽ አልቅሼ እንደገና ሄድኩ። ዋንዮኒ ሲወጣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት።

“ኪፕሮኖ ሲያስፈራራሽ ነው” አለኝ። “አባባ ያለውን ኪፕሮኖ አይሽረውም።”

“አባባም እዚያው ነው የሚቆመው።”

“እንግዲያው ጥሩ ነው” አለ። “ቅርንጫፉን ሲያይ ያስታውሳል።”

እኔ ብነግረው አይሰማኝም። የያዘው ያንተን ቃል ነው፤ መልሰህ ልትወስደው የምትችለውም አንተ ብቻ ነህ። በካምፑ ስልክ ወደ ዶርሙ ደውልለት። ይቅርታ በለው አላልኩህም። ያኔ የነገርኩህ ዛሬ አይሠራም፣ እጅህን ባዶ አድርገህ ወደ ኋላ ሁን በለው። ያንተን ድምፅ ከሰማ ይበቃዋል። ስልኩ በአለቆች ፊት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደውል።

ካልደወልክም አልቀየምህም። ግን አርብ ጠዋት ቤት አልቀመጥም። ከዋንዮኒ አጠገብ እቆማለሁ፣ ቅርንጫፉን በያዘበት ክንድ በኩል። የእማማን ቢጫ ሻሽ አስራለሁ፤ ከሩቅ ይታያል። የምትመታው ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ እንዳትቀር ብዬ ነው።

ለእማማ ምንም አልነገርኳትም።

እግዚአብሔር እሱን ከዱላ፣ አንተን ከድንጋይ ይሰውርልኝ። ከኋላ የሚወረውሩ አሉ፤ ዋንዮኒም አልካደኝም። ስለዚህ የሄልሜትህን ማሰሪያ አገጭህ ሥር ጠበቅ አድርገው፣ አባዬ።

የምትወድህ ልጅህ፣
ናሲሚዩ