ልጄን «በፊት» ያላት ሰሌዳ

ለምወድህ ወንድሜ ለዘካሪያስ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ትሁትስ? ትንሿ ልጃችሁ ባርኮትስ አደገች? ከተማችሁ ደርባን ሰላም ናት ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ሰሞኑን አንጀቴ እርር ብሎ ነው የሰነበተው።

ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ የማስታወቂያ ሠራተኞች ልጄን ቤተልን ጫሞ ሐይቅ ዳር አግኝተው «ለሳሙና ማስታወቂያ ነው፣ ፊትሽ ለፎቶ ይሆናል» ብለው አነሷት። ወረቀትም አስፈረሟት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! እየበረረች መጥታ ስትነግረኝ እኔ ሞኟም አብሬያት ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው መንገድ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ለካ ማስታወቂያው የሳሙና ሳይሆን ፊት የሚያቀላ ክሬም ኖሯል። በግራ በኩል ቤተልን ከተፈጥሮ መልኳ በላይ አጥቁረው፣ ከሥሯ «በፊት» ብለው ጽፈዋል። በቀኝ አንዲት ቀይ ልጅ ትስቃለች፤ «በኋላ» ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ ቀረና «በፊት» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን አልጋዋን ሳነጥፍ ያንኑ ክሬም ከትራሷ ሥር አገኘሁት። ግማሹ አልቋል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክሬሙን ወደሚያከፋፍለው ወደ አቶ ጋሻዬ ሱቅ ሄድኩ። «እኅቴ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው፤ ሰው መቅላት ይወዳል፣ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። «እንዲወድ የምታደርጉትማ እናንተ ናችሁ!» አልኩት። ማስታወቂያውን ወደ ሠሩት ሰዎች አዲስ አበባ ደወለልኝ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ትንሽ አጥቁረናታል፤ ደግሞም ፈርማለች» አለችኝ፣ ሳታፍር። ዘካሪያስ፣ አንዱ ይህን አይቶ አጽድቋል፣ አንዱ አትሟል፣ አንዱ ሰቅሏል። ይህች የሰው ልጅ ናት ያለ አንድ እንኳ እንዴት ይጠፋል?

ሰሌዳው እንዲወርድ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ አስገባሁ፤ «ነገ ተመለሺ» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ቤተል ራሷ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባዋን ተሠርታ ሰሌዳው ሥር ሄዳ ቆመች። እኔና የቤተ ክርስቲያን እኅቶች ተከተልናት። ሚኒባሶች እየቆሙ ሰዉ አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እሷን ያያል። አንዲት ባልቴት «ይህችን ቆንጆ ነው እንዲህ ያደረጓት?» ብለው ጮኹ። ሰኞ አቶ ጋሻዬ አስወረደው። ይቅርታ ግን ማንም አላለንም። ሶዶ ላይ አሁንም ተሰቅሏል አሉ፤ እዚያም እሄዳለሁ።

ቤተል ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ሰላም ብላሃለች። እማዬም ከካምባ መጥታ እኛ ዘንድ ናት፤ ስምህን እየጠራች መርቃሃለች። ትሁትን አቅፈህ ሳምልኝ። ባርኮትን ቆንጆ መሆኗን ዛሬውኑ ንገራት፤ ሌላ ነገር የሚነግራት ሰው እንዳይቀድምህ።

እኅትህ አስቴር
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.