ለዳማ የላክሽው እንክብል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሸዋወርቅ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ዱባይ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ? ሥራውስ፣ ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደ እናንተ ለምትመለሰው ለጓደኛሽ ለሶፊ ሰጠኋት።

የአባባ ውሻ ዳማ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ምግብ እምቢ ማለቱን ነግሬሽ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኑኃሚን ጉበቱ ነው ብላ መድኃኒት ጀመረችለት። ለአሠሪዎችሽ ድመት ጠቅሟል ብለሽ የላክሽውን የዕፅ እንክብልም አሳየኋት። ብልቃጡን አገላብጣ አነበበችና «ይሄ ደጋፊ ነው እንጂ መድኃኒቱን አይተካም። በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር። ከዚህ እንዳታልፉ፤ የታመመ ጉበት ብዙ አይችልም» አለችኝ። እንዳለችው ሰጠነው። በሳምንቱ ትንሽ ሾርባ ላሰ፤ ወጥቶም በር ላይ ተኛ።

ታናሻችንን ማስረሻን ታውቂዋለሽ፣ መታገስ አይሆንለትም። ለአባባ ሙት ዓመት ሰው ሲመጣ ዳማ ድኖ እንዲቆምለት ፈለገ። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የቀረውን እንክብል በሙሉ ፈልፍሎ በግራዋ ጭማቂ በጠበጠና የውሻውን አፍ በጉልበት ከፍቶ ጋተው። ዳማ ትን ሲለው እጁን ነከሰው፤ ጥርሱ መዳፉን በስቶ ወጣ። ማስረሻም የቧንቧ ብረት አንስቶ ወረደበት።

ምሳ ልበላ ስገባ ግቢው ደም በደም ሆኗል። ዳማ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት በሆዱ እየተሳበ ወደ እኔ መጣ። ማስረሻ ብረቱን እንደገና ሲያነሳ ቀማሁት። ንዴት ነው ብዬ አላመካኝም፤ መታሁት። ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ አላቆምኩም። ወድቆ «ወንድምህ ነኝ!» እያለ ሲጮህ ጀርባውን ደገምኩት። ጭንቅላቱን ልለው ስሰነዝር እማዬ መሃላችን ገባች። ብረቱ ትከሻዋን ጨርፏት ወደቀች። የቆምኩት ያኔ ነው።

ጎረቤታችን ሀሰን ሁለቱንም ሆስፒታል አደረሰልን። እማዬ እብጠት ብቻ ነው ያላት። የማስረሻ ክንድ በጀሶ ታስሯል፤ የውሻ ንክሻ መርፌም ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኑኃሚን መጥታ ዳማን አየችው። «ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ያላችሁ ማነው?» ብላ ጮኸችብን። አከርካሪው ተሰብሮ ስለነበር በመርፌ አሳረፈችው። ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እህቴ፣ እንክብሉን በመላክሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእኔ ደግሞ ይብሳል። ማስረሻ የመታው ውሻ ነው፣ እኔ የመታሁት ወንድሜን።

እማዬ ጉንጮችሽን ስማሻለች። አክስታችን ወርቄ በጣም ናፍቀሽኛል ብላለች። ሀሰንና ባለቤቱ ዱሬቲም ሰላም ብለውሻል። ማስረሻም ሰላም ይልሻል። ይህን ስጽፍ ከአልጋው ሆኖ «ከሞተር ወደቀ ብለህ ጻፍላት፤ እንዳትጠላህ» እያለኝ ነው።

ወንድምሽ ሰይፈሚካኤል
አዳማ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.