በሩ እምቢ ያለ ሰሞን

ጥቅምት 4
ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ፤ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ያው እየሳልኩ። ስፌት ቤታችን ምድር ቤት ነው... የጨርቁ ብናኝ፣ የካውያው እንፋሎት። ማታ ስናፈጥ የወጣው ሰማያዊ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰፋነው የደንብ ልብስ ቀለም!

ጥቅምት 9
ሐኪሟ ደረቴን አዳምጣ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች። ከዚያ፣ "ወይ ክፍሉ አየር ያግኝ፣ ወይ አንቺ ሥራ ቀይሪ።"
ከመርፌ ሌላ ምን አውቃለሁ? ለአሠሪያችን ለእትዬ ነገርኳቸው። "ቬንትሌተር ይገባል! አንቺን ከማጣ..." ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጥቅምት 16
ቬንትሌተሩ ተገጠመ። አየሩን ወደ ውጭ ይስባል ተብሎ ነበር። ይጮኻል እንጂ ብናኙ እንዳለ ነው። ሳሉም። ጭራሽ በሩ እምቢ አለ፤ ከውጭ የመጣ ሰው እየጎተተ፣ ታግሎ ነው የሚከፍተው። በካውያ የሚተኩሱት ጋሼ "እንጨቱ አብጦ ነው" ብለው ጠርዙን በመላጊያ ላጉት። አሁን ደግሞ ያፏጫል።
ይህም ካልሠራ ምን ይቀረኛል?

ጥቅምት 18
ጠዋት መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ፉጨቱም ቆመ፤ አንዲት ደንበኛ በሩን በአንድ ጣቷ ከፈተችው! እትዬ መቀሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። "ቆይ እስቲ... በሩን ወደ ውስጥ ስቦ የያዘው ቬንትሌተሩ ነው! የሚወጣውን አየር የሚተካው በየት ይገባል?"
ሁላችንም መስኮቱን አየን። ጋሼ ብርድ ጀርባቸውን እንዳይመታቸው በየክፍተቱ ጨርቅ ወትፈውበታል። ውታፍ ብቻ ቢሆን! ቁርጥራጭ ሞልተው፣ ጠርዙን ቀምቅመው፣ በስፌት መኪና ሁለት ጊዜ መትተው የሰፉት ነው። የስፌት ቤት ሰው ነገር! እትዬ በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ ግን አልሳቁም።
"ለካ እኔ ነኝ ያፈንኩሽ፣ ልጄ?"
እኔም፣ "ኧረ ጋሼ፣ ሁላችንም ተመችቶን ነበር።"
ወንበር ላይ ወጥተው በገዛ እጃቸው ነቀሉት። አያልቅበት አንድዬ... መብራት መጥፋቱም ለበጎ ነው።

ጥቅምት 27
በሩ ቀለለ። ብናኙ ወደ ቬንትሌተሩ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ጋሼ ጀርባቸውን ያሻሉ፤ መስኮቱን ግን አላስዘጋም አሉ።

ኅዳር 12
ሐኪሟ አዳምጣ፣ "ሥራ ቀየርሽ እንዴ?"
"ኧረ እዚያው ነኝ!"
እንዴት ደስ እንዳለኝ! በቀጥታ ስፌት ቤት ሄጄ ለጋሼ ጀርባው ድርብ የሆነ የሱፍ ሰደርያ ሰፋሁላቸው። ሳልስል ጨረስኩት። ለበሱት፣ ዞር ዞር አሉ። "ብብቱ ጋ ጠበብ ብሏል" አሉ። ምስጋና አያውቁበትም።
ከዚያ ሄደው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።