የሰናይት ፊት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬ የውበት ሳሎኔን ዘግቼ ዋልኩ። ትናንት ባጃጅ ተገልብጦባት የሞተችውን ጎረቤቴን ሰናይትን ሊገንዙ የገቡት እማማ ተዋቡ ጠዋት አስጠሩኝ። እናቷ እትዬ ወርቄ ከደብረ ሲና እየወረዱ ነበር። ዘመዶቿ «እንዲህ ሆና ባያዩዋት ይሻላል» ብለው ፊቷን ሊሸፍኑት ፈልገዋል። እማማ ተዋቡ ግን እምቢ አሉ።

«አንቺ ሙሽራ ታስውቢ የለ? እናቷ ሳታያት አትቀበርም» አሉኝ።

ሬሳ ነክቼ አላውቅም። እሳቸው ፊቷን በለብታ ውሃ አጠቡልኝ። የበለዘውን ጉንጯንና ግንባሯን በፋውንዴሽን ሸፈንኩት፤ በከተማችን በሮቢት ሙቀት ቅባቱ እየቀለጠ አስቸገረኝ። ከንፈሯን የራሷን መልክ ለማስያዝ ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ የተኛች መሰለች።

እትዬ ወርቄ ገቡ። አጎንብሰው አዩዋት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ከቅንድቧ በላይ ያለውን ቀለም መጥረግ ጀመሩ። ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከሥሩ ትንሽ የቆየ ጠባሳ ወጣ።

«ዳዴ ስትል የበራችን ቆርቆሮ ነው የቆረጣት» አሉና ጠባሳውን ሳሙት። ቀና ብለው ደግሞ «ሌላው ሁሉ እሷው ናት። እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ስወጣ የእማማ ተዋቡን ጉልበት ስሜ ነው የተለየኋቸው። እሳቸው ባይጠሩኝ ኖሮ ፈርቼ ቤቴ በቀረሁ ነበር።